«ባርጫው ነው» ብሎ ከመደምደም በፊት

ዶክተር፣ ጥያቄህን አነበብኩት። 74 ዓመት የሆናቸው አባት፣ ከቀኝ ጆሯቸው ፊት እብጠት፣ አፋቸው እንደ ድሮው አይከፈትም፣ ፓኖራሚክ ራጁ (መንጋጋውን በሙሉ የሚያሳየው) ላይ የመንጋጋ መገጣጠሚያው ዙሪያ ነጭ ነገር። «ብግነት ነው ብዬ ማስታገሻ ሰጥቼ ልጠብቅ ወይ?» ብለሃል። እኔ ብሆን አልጠብቅም።

እዚህ ሐረር የመንጋጋ ሕመም ሁሉ በጫት ይሳበባል። ታካሚው ራሱ «ባርጫው ነው» እያለ ነው የሚገባው። ለወጣቱ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል፤ ጡንቻው ይደክማል፣ መገጣጠሚያው ይንቋቋል። ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ጉንጭ ሲቅሙ ኖረው፣ በ70ዎቹ ድንገት ሲጀምራቸው ግን ሌላ ነገር አስብ።

መጀመሪያ ንክሻቸውን እይ። መገጣጠሚያው ውስጥ የሚያድግ ነገር መንጋጋውን ወደ ታች ይገፋዋል። በዚያ ጎን የኋላ ጥርሶች አይገናኙም፣ አገጩም ወደ ጤነኛው ጎን ይሄዳል። አጥንቱ እየተበላ ከሆነ ተቃራኒው ነው፤ አገጩ ወደታመመው ጎን ይዞራል። ጥርስ የሌላቸው ከሆኑና «ሰው ሠራሽ ጥርሴ አልገጥም አለኝ» ካሉ፣ መንጋጋው ተንቀሳቅሶ ሊሆን ስለሚችል ጥርሱን ለመሞረድ አትቸኩል።

የታችኛው ከንፈርና አገጫቸው ደንዝዞ ከሆነ ካንሰር ፈልግ። ከፕሮስቴት፣ ከሳንባ፣ ከኩላሊት፣ በሴት ደግሞ ከጡት የተነሳ ካንሰር የመንጋጋው ራስ ላይ ሊያርፍ ይችላል። አንዳንዴ የመጀመሪያው ምልክት እሱ ይሆናል። ሲያኝኩ አሟቸው ሲያርፉ የሚተዋቸው ከሆነ፣ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታም ካለ፣ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ላካቸው። ዓይን ሊጠፋ ይችላል።

ከጁገል የመጡ አንድ አዛውንት ያንተን ታካሚ ይመስሉ ነበር። ሲቲ ስካኑ ላይ መገጣጠሚያውን የሞላ ነጭ ክምችት አለ፤ ከጥርጣሬ ዝርዝራችን አናት ላይ ኮንድሮሳርኮማ (የልምዥብ፣ ማለትም የለስላሳ አጥንት ካንሰር) ነበር። ስለ ጉልበታቸው ስጠይቃቸው «እሱማ በየጊዜው ያብጣል» አሉ። የጉልበት ራጅ ርካሽ ነው፣ አሠራናቸው፤ ልምዥቡ ውስጥ ነጭ መስመር ታየ። የካልሲየም ፓይሮፎስፌት ክሪስታል ክምችት ነው፣ የሪህ የአጎት ልጅ በለው። ከ60 ዓመት በታች ብዙም አይታይም። ጉልበት ላይ መገኘቱ ግን መንጋጋውን ከካንሰር ጥርጣሬ ነጻ አያወጣውም፣ ስለዚህ ናሙና ተወሰደ። መንጋጋውም ላይ ያው ክምችት ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ጠንካራ ናሙና ላቦራቶሪ ሲገባ በአሲድ ያለሰልሱታል፤ ያኔ ክሪስታሉ ሟሙቶ ይጠፋል። ናሙናውን የሚመረምረው ፓቶሎጂስት ጋ ደውለህ ጥርጣሬህን ንገረው፣ አንዱን ቁራጭ አሲድ ሳይነካው ክሪስታልን ለይቶ በሚያሳይ በፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ ይየው። የጥያቄ ወረቀቱ ላይ «የመንጋጋ እብጠት» ብለህ ብቻ ከላክህ ክሪስታል የሚፈልግልህ የለም።

ሲቲ ሳታይ አትወስን፤ ፓኖራሚክ መገጣጠሚያውን በደንብ አያሳይም። ናሙናውንም አንተ አትውሰድ፤ የፊት ነርቭ እዚያው ስለሚያልፍ ለመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ተውለት። ቤተሰቡ «በዚህ ዕድሜ ምን ያደርጋል?» ሊሉህ ይችላሉ። አባት አፋቸውን ከፍተው መብላት እንዳቃታቸው አስታውሳቸው። እስከዚያው ንክሻቸውንና የከንፈራቸውን ስሜት አይተህ እዚሁ ጻፍልን፤ ሲቲው ሲመጣም ስማቸውን ሸፍነህ ለጥፈው።