የጉበት ሴል በመርፌ ተሰጥቶት ወንድሜ ይድናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አራት ኪሎ አነስተኛ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ታላቅ ወንድሜ ሄፓታይተስ ቢ እንዳለበት ሳያውቅ ኖሮ ጉበቱ ሲሮሲስ (በጠባሳ መሞላት) ላይ ደርሷል። ሆዱ ውሃ ቋጥሯል፣ እግሩ ያብጣል። ቴኖፎቪር የሚባለውን የቫይረሱን ኪኒን ጀምሯል። የሕክምና ጉዞ የሚያመቻች አንድ ሰው ደግሞ «ውጭ አገር የጉበት ሴል በመርፌ ይሰጡታል፣ ይድናል» ብሎናል። ሱቋን ልሸጣት ነው። ምን ይላሉ?
እህቱ ነኝ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ እባክዎን ሱቅዎን አይሽጡ።

ሕክምናው በራሱ ውሸት አይደለም። ለሙሉ ንቅለ ተከላ ብቁ ካልሆነ የለጋሽ ጉበት ላይ ሴሎቹ በኢንዛይም ይለያያሉ። ከዚያ ከአንጀት ወደ ጉበት ደም በሚወስደው ትልቅ የደም ሥር በኩል ይሰጣሉ። በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ የታወቀ ታሪክ አለ። ክሪግለር ናጃር የተባለ የዘር በሽታ ያለባት የ10 ዓመት ልጅ 7.5 ቢሊዮን ያህል ሴሎች ተሰጥተዋት ቢጫ የሚያደርጋት ቢሊሩቢን በግማሽ ገደማ ወረደ። ሙሉ በሙሉ ግን ከበሽታው አልዳነችም።

የእሷ ጉበት የጎደለው አንድ ኢንዛይም ብቻ ነበር። ቅርጹም የደም ዝውውሩም ደህና ነው። የወንድምዎ ጉበት ግን በጠባሳ ተሞልቷል። ሴል እዚያ ላይ ማፍሰስ አስፋልት ላይ ጤፍ እንደመዝራት ነው፤ የሚያርፍበት የለውም። ሆዱ ውሃ የቋጠረው በዚያው የደም ሥር ያለው ግፊት ስለጨመረ ነው፤ ሴል ሲጨመርበት ግፊቱ ሊብስ ይችላል። ደግሞ የሰው ሴል ስለሆነ ሰውነት እንዳይገፋው በሽታ የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት ይፈልጋል። ሄፓታይተስ ቢ ላለበት ሰው ይህ ቫይረሱን ሊቀሰቅስ ይችላል። ይህ ሁሉ ታልፎ እንኳ የሴሎቹ ሥራ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይደክማል።

ያንን ሰው «ሴሉ የማን ነው? ለሲሮሲስ ነው ወይስ ለሌላ በሽታ የሚሰጠው?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን በጽሑፍ ይስጥዎት።

አሁን ወንድምዎን የሚጠብቀው ያ በየቀኑ የሚዋጠው ኪኒን ነው። «ተሽሎኛል» ብሎ እንዳያቋርጠው፤ ይህን አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ቫይረሱ በኪኒን ሲታፈን ጠባሳው እንኳ በዓመታት ውስጥ የሚቀንስላቸው ሰዎች አሉ። ጨው ይቀንስ፣ ወጡ ላይም ቢሆን። አልኮል በፍጹም አይንካ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች አይውሰድ። የወፍ በሽታ መድኃኒት ተብሎ የሚሰጥ ቅጠልም አይጠጣ፤ የደከመ ጉበት ላይ ምን እንደሚያደርስ አይታወቅም። በየ6 ወሩ የጉበት አልትራሳውንድ ይነሳ፤ ካንሰር ቢጀምር ቶሎ የሚያዘው እንዲህ ነው። የጉሮሮ ደም ሥሮቹ አብጠው እንደሆነ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ) መታየት አለባቸው። ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ከመጣ፣ ደም ካስመለሰው፣ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ተራ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

በኪኒኑም ካልተሻለው የሚጠየቀው ንቅለ ተከላ የጉበት እንጂ የሴል አይደለም። ሕንድና ቱርክ ከቤተሰብ አባል የጉበት ቁራጭ ተወስዶ የሚተከልባቸው አገሮች ናቸው። ዋጋው ከባድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪሙ ወንድምዎ ለዚያ የሚበቃ መሆኑን ይወስን።

እርስዎና ወንድሞችዎ፣ ባለቤቱና ልጆቹም ሄፓታይተስ ቢ ተመርመሩ። ነፃ የሆነና ክትባት ያልወሰደ ሁሉ ሦስቱን ዙር ይውሰድ።