ስለ ወፍ ምንቃር ለጠየቅሽው፦ «ረጅምና ቀጭን» ብለሽ እንዳታቆሚ

እህቴ፣ «ለአስጎብኚነት ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው፣ የወፎችን ምንቃር በአማርኛ ምን ብዬ ልግለጽ?» ብለሽ ነበር። እኔ የከፈልኩትን አንቺ እንዳትከፍዪ ልንገርሽ።

1. መጀመሪያ ወዴት እንደታጠፈ ተናገሪ። ቀጥ ያለ ነው? ወደ ታች ነው? ወደ ላይ ነው? ይህችን ባለመጠየቄ የሁለት ቀን ገቢዬን አጥቻለሁ። አንድ እንግዳ አቮሴት የሚባለውን የውሃ ዳር ወፍ አሳየኝ አለኝ። ጓደኛዬ ከአቢጃታ ሐይቅ ደውሎ «ጥቁርና ነጭ ነው፣ ምንቃሩ ረጅም፣ ቀጭን» ሲለኝ፣ ምንም ሳላጣራ ከሐዋሳ መኪና ተከራይቼ ገሰገስኩ። ስንደርስ ስቲልት የሚባለው ሌላ የውሃ ዳር ወፍ! እሱም ጥቁርና ነጭ ነው፣ ምንቃሩም ረጅምና ቀጭን ነው፤ ግን እንደ ወስፌ ቀጥ ያለ። የአቮሴት ግን ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል። እንግዳው ተቆጣ፣ የመኪናውን ሒሳብ ከኪሴ ከፈልኩ። ደግሞ ከሩቅ ምንቃሩ ባይታይሽ አበላሉን እዪ፤ አቮሴት ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ውሃውን እንደሚያጭድ ነው የሚሄደው፣ ስቲልት ግን እየለቀመ ነው።

2. ርዝመቱን በወፉ በራሱ ጭንቅላት ለኪው። ከጭንቅላቱ ይረዝማል ወይስ ያጥራል? ይኼ በቂ ነው።

3. ቃሉን ከቤትሽ አምጪው። የንስር መንጠቆ ነው፣ ምንቃሩ ወደ ታች የታጠፈው ወፍ፣ የአይቢስ፣ ማጭድ ነው፣ የግንደ ቆርቁር መሮ ነው። እኔ ፈተና ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። ፈታኙ ሰውዬ ሰው ፊት «ማጭድ የገበሬ ዕቃ ነው፣ እዚህ ምን ያደርጋል?» ብሎ በቀይ ሰረዘብኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል! ስፑንቢል የሚሉት ወፍ ስሙ እኮ «ማንኪያ ምንቃር» ማለት ነው፤ እንግሊዞቹ ከማዕድ ቤታቸው ወስደው ሰየሙት፣ ማንም አልሰረዘባቸውም። የኛው አገር ቁራ፣ ያ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ የሳይንሳዊ ስሙ ሁለተኛ ቃል ክራሲሮስትሪስ ነው፤ «ወፍራም ምንቃር» ማለት ነው፣ ሌላ ምንም ምስጢር የለውም። በሁለተኛው ፈተና ያንኑ ማጭድ ደግሜ ጻፍኩ፣ አለፍኩም። ዛሬ የማስጎበኛቸው ተማሪዎች «ማጭዱ መጣ!» እያሉ አይቢሱን ከኔ ቀድመው ያገኙታል።

ቀለሙን መጨረሻ ላይ አድርጊው፣ ያሳስትሻል። ባለ ቢጫ ምንቃሩን ጭልፊት እንኳ ብትወስጂ፣ ምንቃሩ ቢጫ የሚሆነው ሲያድግ ነው፤ ወጣቱ ጥቁር ነው። ደግሞ ፎቶ ስታነሺ ከጎን አንሺው፤ ፊት ለፊት ከተነሳ ማጭዱም ወስፌው አንድ ነው የሚመስለው።