ካዶ ሐይቅ ለምትሄጂው እህቴ፦ ከሌንሱ በፊት የጀልባውን ሰዓት ያዢ

እህቴ፣ «በኖቬምበር ከዳላስ ተነስቼ ቴክሳስና ሉዊዚያና ድንበር ላይ ወዳለው ካዶ ሐይቅ ሄጄ ውሃ ውስጥ የቆሙት የሳይፕረስ ዛፎች ቀለም ሲቀይሩ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ምን ሌንስ ልግዛ?» ብለሻል። ሌንሱን ተይው፣ ያለሽ ይበቃል። እኔን ያከሰረኝ ሰዓት ነው።

1. ቀኑ። አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ቅጠሉ የዛገ ብረት ይመስላል። እኛ የምናውቀው የፈረንጅ ጽድ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። የካዶው ሳይፕረስ ግን ዘመዱ ቢሆንም ቅጠሉን ያራግፋል፤ ኃይለኛ ንፋስ ከመጣ ደግሞ ቶሎ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ የአየር ትንበያውን ሳታዪ ቀን አትቁረጪ።

2. ጀልባ። ከዳር ሆነሽ የምታገኚው የሰው ሁሉ ፎቶ ነው። መግባት አለብሽ። እኔም ይህንን አውቄ ነበር አንድ አከራይ ጋ የደወልኩት። «ከንጋት በፊት እፈልጋለሁ» ስል «የምንከፍተው በስምንት ነው» አሉኝ፤ በኛ ጠዋት 2 ሰዓት መሆኑ ነው። ምን ችግር አለው ብዬ ቀብድ ከፈልኩ። ስህተቴ እሱ ነው። በዚያ ወር አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው በኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ነው። ሌሊቱ ቀዝቅዞ ውሃው ሙቀቱን ይዞ ሲያድር የሚነሳው ጭጋግ፣ እኔ ስደርስ አንዲት ክር አልቀረችም። ከቅርንጫፉ የተንጠለጠለው ሽበት መሳይ ተክል (ስፓኒሽ ሞስ ይሉታል) በነጭ ብርሃን አሮጌ ጨርቅ መሰለ። ሦስት ሰዓት ያህል የነዳሁት ለዚህ ነው? «ለነገ ንጋት ቀይሩልኝ» ብዬ ለመንኩ። ሰውየው ከስልኩ ቀና ብሎም አላየኝም። «ቀብድ አይመለስም» አለና አበቃ። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

በዓመቱ ግን በሰው በሰው አንድ ሽማግሌ አሣ አጥማጅ አገኘሁ። ማታውኑ ሄጄ እዚያው አደርኩ። በጨለማ ወሰደኝ። ሞተሩን ሲያጠፋው ዝም አለ፤ ከዚያ ጭጋጉ ውስጥ ግንዶቹ አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ። ከታች ሰፍተው እንደ ቀሚስ የተዘረጉ፣ ከላይ ብርቱካናማ። የረገፈው ቅጠል ውሃው ላይ ቀጭን ምንጣፍ ሠርቶ ነበር፤ የጀልባው አፍንጫ ሲገባበት ለሁለት ይከፈላል፣ ከኋላችን ተመልሶ ይገጥማል። ያን ቀን ያነሳሁት ሳሎኔ ተሰቅሏል። እንግዳ ሁሉ ሥዕል ነው ወይ ይለኛል።

ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) አትሸከሚ፣ ጀልባ ላይ አይረባም። ሹተሩን (የመክፈቻውን ፍጥነት) 1/250 ሰከንድ አድርጊና አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ያለ ፍርሃት ከፍ አድርጊው። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) አውቶ ላይ አትተዪው፣ የቅጠሉን የዝገት ቀለም ያደበዝዘዋል፤ ዴይላይት ላይ ይሁን። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) ካለሽ እያየሽ በግማሽ ብቻ አዙሪው፤ ሙሉ ካዞርሽው ነጸብራቁን ይበላዋል፣ ነጸብራቁ ደግሞ የፎቶው ግማሽ ነው።

ቀኑን ስትወስኚ እዚሁ ጻፊልኝ። ሽማግሌውን ጠይቄ ፈቃደኛ ከሆነ ስልኩን በውስጥ እልክልሻለሁ። ኖቬምበር ቶሎ ስለሚያዝበት ግን አትዘግዪ።