አከራዩም ዳኛውም አንድ ሲሆን፦ ከኤርፖርት ግቢ የመጡ ጥያቄዎች

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በሙሉ ከኤርፖርት የመጡ ናቸው። ተርሚናል ውስጥ ሱቅ ያላቸው፣ ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ) የሠሩ፣ የበረራ ትምህርት ቤት የሚያስተዳድሩ ጽፈውልኛል። አንድ የኤርፖርት ሥራ አስኪያጅም አሉበት። እሳቸውም ብሶተኛ ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ኤርፖርት እንደ ተራ ባለ ሕንፃ አይደለም። ቦታ ያከራያል፤ ደንብ ያወጣል፣ ያስከብራልም፤ አንዳንዴ ደግሞ ራሱ ነዳጅ እየሸጠ ወይም ፓርኪንግ ከፍቶ ከተከራዩ ጋር ይወዳደራል። ስለዚህ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ከመናደዳችሁ በፊት «ይህን የጻፈልኝ እንደ ማን ሆኖ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትሰጡት መልስ እንደዚያው ይለያያል።

«ተርሚናል ውስጥ የመጻሕፍትና የስጦታ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ኤርፖርቱ ትልቁን አየር መንገድ ወደ ሌላው ክንፍ አዛወረው። በሱቄ በር የሚያልፈው ሰው የድሮውን ግማሽ አይሞላም። ኪራዩ ግን ያው ነው። መብት የለኝም?»

ውልዎን ያውጡና የክፍያውን አንቀጽ ያንብቡ። አብዛኛው የተርሚናል ውል ሁለት ነገር ይላል። ከሽያጭ በመቶ ይህን ያህል፣ ወይም በዓመት ቢያንስ ይህን ያህል፤ ከሁለቱ የበለጠውን ትከፍላለህ። ገበያ ሲደራ «ቢያንስ» የምትለዋን ቃል የሚያስታውስ የለም። ገበያ ሲቀዘቅዝ ግን ጉሮሮ የምታንቀው እሷ ናት።

በ2020 በረራ ሲቆም የሆነው ይኸው ነበር። ተርሚናሉ ጭር ብሏል፣ ሱቁ ተዘግቷል፣ ዝቅተኛው ክፍያ ግን መቁጠሩን አላቆመም። ብዙ ኤርፖርቶች ክፍያውን አራዘሙ ወይም ማሩ። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ኮንግረስ ድረስ ሄዶ፣ በ2021 የወጣው የማገገሚያ ሕግ ለኤርፖርት ነጋዴዎች የኪራይና የዝቅተኛ ክፍያ ማቃለያ 800 ሚሊዮን ዶላር መደበ።

የእርስዎ ጉዳይ ይለያል። ወረርሽኝ የማንም ጥፋት አይደለም። አየር መንገዱን ያዛወረው ግን አከራይዎ ራሱ ነው። ቢሆንም ቶሎ ወደ ጠበቃ አይሩጡ። ውሉ ውስጥ «ኤርፖርቱ የመሳፈሪያ በሮችን ድልድል በማንኛውም ጊዜ ሊለውጥ ይችላል» የሚል አንቀጽ የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው። ስለዚህ «መብቴ ተነካ» ከማለት «የተዋዋልንበት ስሌት ፈርሷል» ማለት ያዋጣዎታል።

ስሌቱ መፍረሱን በወረቀት ያሳዩ። ከካሽ ሬጅስተሩ በየሰዓቱ የተሸጠውን ያውጡ። ከጎኑ በዚያው ሰዓት በአቅራቢያዎ ካሉት በሮች የተነሡትን በረራዎች ይጻፉ። ከዝውውሩ በፊትና በኋላ ያለውን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ከዚያ ቅናሽ አይለምኑ። ዝቅተኛው ክፍያ በእርስዎ ክንፍ በሚያልፈው መንገደኛ ቁጥር እንዲሰላ ይጠይቁ። ሰው ሲቀንስ ይቀንሳል፣ ሰው ሲመለስ ይጨምራል። ቅናሽ የሰጠ ሥራ አስኪያጅ ከቦርዱ ፊት ቆሞ ይጠየቃል። ከፍም ዝቅም የሚል ቀመር ያመጣ ግን ለማስረዳት አይቸገርም።

ደግሞ «አይዞህ፣ በቅርቡ ሌላ አየር መንገድ እናመጣልሃለን» የሚል ተስፋ በቃል ከተሰጠዎት በዚያው ቀን ኢሜይል አድርገው ያስቀሩት። ቃል ይረሳል፣ ጽሑፍ ይወረሳል።

«ዋጋዬን ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ እንዳላስበልጥ ታዘዝኩ። የእኔን ወጪ ማን ያውቅልኛል?»

የዋጋ ጣሪያው አዲስ ነገር አይደለም። የአሜሪካው ፒትስበርግ ኤርፖርት በ1992 አዲሱን ተርሚናል ሲከፍት ሱቆቹ በከተማ ዋጋ እንዲሸጡ አደረገ፣ ሰውም ወደደው። ኒውዮርክ ላጋርዲያ ላይ ደግሞ በ2021 አንድ መንገደኛ 28 ዶላር ገደማ የሚጠራ ቢራ ያለበትን ሜኑ ፎቶ አንሥቶ ለጠፈና ጉድ ተባለ። ኤርፖርቱን የሚያስተዳድረው ባለሥልጣን በዓመቱ የከተማ ዋጋ ሲደመር 10 በመቶ የሚለውን ደንቡን አጠበቀ።

እኔ ጣሪያውን እደግፋለሁ። ፍተሻ ያለፈ መንገደኛ ተመልሶ ወጥቶ ሌላ ሱቅ አይሞክርም፤ ያገኘውን ይገዛል። የእርስዎም ቅሬታ ግን እውነት ነው። ዕቃው ከግቢ ውጭ ተራግፎ፣ ተፈትሾ፣ በተወሰነ ሰዓት ብቻ ይገባል። ሱቁ ከመጀመሪያው በረራ እስከ መጨረሻው ክፍት መሆን አለበት፣ ሰው ኖረም አልኖረም። ከሽያጩ ላይ በየጊዜው የሚወስደውን በመቶ እየጨመረ፣ ዋጋ ደግሞ አትጨምር የሚል አከራይ በሁለት በኩል ይገዘግዝዎታል። ጣሪያው ከመጣ የኪራዩ በመቶም አብሮ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ ይበሉ። አንድ ነገር ደግሞ ያጣሩ፦ «ውጭ» ማለት የት ነው? ከሱፐርማርኬት ጋር ተወዳድረው ከሆነ ተበድለዋል። ከተመሳሳይ የከተማ ሱቅ ጋር ከሆነ ግን አቤቱታው ብዙ አያስኬድም።

«ሃንጋሩን በራሴ ገንዘብ ሠራሁት። የመሬት ኪራዩ ሊያልቅ ሦስት ዓመት ቀርቶታል፤ ሲያልቅ ሕንፃው የኤርፖርቱ ይሆናል አሉኝ። ይህ ዝርፊያ አይደለም?»

ስሜትዎ ይገባኛል። ፈርመው ከሆነ ግን ዝርፊያ አይደለም። በኤርፖርት መሬት ላይ የሚሠራ ሕንፃ ውሉ ሲያልቅ ወደ ባለ መሬቱ የሚዞርበት አንቀጽ በብዙ አገር የተለመደ ነው። ውሉ ረጅም የሚሆነው ያወጡትን ገንዘብ እንዲመልሱበት ነው። የመሬት ኪራዩም ዝቅ ያለው በዚሁ ሒሳብ ሊሆን ይችላል።

ሦስት ዓመት ለድርድር ጥሩ ጊዜ ነው፣ አያባክኑት። አንድ ዓመት ሲቀር ባንክ አያበድርዎትም፣ ሃንጋሩን የሚገዛም አያገኙም፣ ሥራ አስኪያጁም ይህን ያውቃል። አሁን «ጣሪያውን ላድስ፣ በሩን ልቀይር፣ በምላሹ ይህን ያህል ዓመት ይጨመርልኝ» ብለው በጽሑፍ ያቅርቡ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጣሪያው ያፈስሳል፣ ባለቤቱ ጨክኖ በራሱ ወጪ ያሠራዋል፣ ማራዘሚያውን በኋላ እንነጋገራለን ይባላል። በኋላ የሚባለው ቀን ሲመጣ ያማረ ጣሪያ ለኤርፖርቱ ያስረክባል። ፊርማው ይቅደም፣ ቆርቆሮው ይከተል።

አንቀጹንም እስከ መጨረሻው ያንብቡ። አንዳንዱ ውል ኤርፖርቱ ሕንፃውን ካልፈለገው ተከራዩ በራሱ ወጪ አፍርሶ ቦታውን እንዲያጸዳ ያስገድዳል። አሮጌ ሃንጋር መውረስ ለኤርፖርቱም ሁልጊዜ ሲሳይ አይደለም። ጥገናው አብሮ ይወረሳልና። ይህ ለእርስዎ የመደራደሪያ አቅም ነው።

«የበረራ ትምህርት ቤት አለን። አውሮፕላኖቻችንን በራሳችን ቦቴ ነዳጅ እንሞላ ነበር። አሁን ኤርፖርቱ ራሱ መሸጥ ጀመረና የእኛን አገደ። ለደኅንነት ነው ይላል።»

ሦስቱም ሚና አንድ ደብዳቤ ውስጥ! አከራይ፣ ደንብ አስከባሪ፣ ተወዳዳሪ።

መልሱ በየት አገር እንዳላችሁ ይወሰናል። የሁለት ቦታ ሕግ ልጥቀስ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የወሰደ ኤርፖርት ለአንድ ድርጅት ብቻ የመሥራት መብት መስጠት አይችልም። ክልከላው ከ1938 ጀምሮ በሕግ አለ። ባለ አውሮፕላን በራሱ ሠራተኛና በራሱ መሣሪያ የራሱን አውሮፕላን ነዳጅ እንዳይሞላም አይከለከልም፤ ምክንያታዊ የደኅንነት ደንብ ካከበረ። ብዙዎች የማይጠብቁት ግን አለ። ኤርፖርቱ ራሱ፣ በራሱ ሠራተኛና መሣሪያ፣ ለሕዝብ ብቸኛው ነዳጅ ሻጭ መሆን ይችላል። ስለዚህ በዚያ ሕግ ለራሳችሁ መቅዳት ትችላላችሁ፣ ለጎረቤት መሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት የ1996ቱ የምድር አገልግሎት መመሪያ አለ። በዓመት ቢያንስ 2 ሚሊዮን መንገደኛ በሚያስተናግድ ኤርፖርት፣ አባል አገሩ እንደ ነዳጅና ሻንጣ ባሉ ሥራዎች ላይ የአገልግሎት ሰጪውን ቁጥር ሊገድብ ይችላል፣ ከሁለት በታች ማውረድ ግን አይችልም። ቢያንስ አንዱ ደግሞ ከኤርፖርቱም ከትልቁ አየር መንገድም ነጻ መሆን አለበት።

«ደኅንነት» የሚለውን መፈተሽ ቀላል ነው። የተጻፈውን መስፈርት ጠይቁ። የመሬት ማገናኛ ሽቦ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የሠራተኛ ሥልጠና፣ የቦቴው ማቆሚያ ቦታ። ከዚያ የኤርፖርቱ ቦቴም በዚያው መስፈርት ይፈተሻል ወይ በሉ። የእናንተው ወድቆ የእነሱው ሳይፈተሽ ካለፈ፣ ጉዳዩ ደኅንነት ሳይሆን ገበያ ነው። ክስ ከማሰባችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እወቁ። ለአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን የሚቀርበው መደበኛ አቤቱታ ኤርፖርቱን ወደ ሕጉ ይመልሰዋል እንጂ ለእናንተ ካሣ አያስገኝላችሁም። ጊዜም ይፈጃል።

«አዲስ ሠራተኛ ቀጥሬ የመግቢያ ባጁ እስኪወጣ ደመወዝ እከፍላለሁ። ይህስ?»

ለባጁ የሚደረገው የጀርባ ማጣሪያ፣ ማለትም የሠራተኛው ያለፈ ታሪክ ምርመራ፣ በአብዛኛው ከኤርፖርቱ እጅ ውጭ ነው፣ ሥራ አስኪያጁ ላይ መጮህ ፋይዳ የለውም። ማመልከቻ ለምን ያህል ጊዜ ፊርማ እየጠበቀ ጠረጴዛ ላይ እንደሚተኛ ግን ይጠይቁ። እሱ የኤርፖርቱ ነው።

«ሻንጣ የምንጭንና የምናወርድ ድርጅት ነን። ወረፋ በተፈጠረ ቁጥር ኤርፖርቱ በሚዲያ እኛ ላይ ያላክካል።»

በ2022 ክረምት ዓለም በሙሉ ያየው ነገር ነው። የለንደኑ ሂትሮው ኤርፖርት ሐምሌ ላይ በቀን ከ100 ሺህ በላይ ተነሺ መንገደኛ አላስተናግድም አለ። የዱባዩ አየር መንገድ ኤምሬትስ አልቀበልም ብሎ ኃይለኛ መግለጫ አወጣ፣ በማግሥቱ ደግሞ ተነጋግረው ተስማሙ። ያ የአንድ ቀን ንግግር ከመግለጫው በፊት ቢደረግ ኖሮ ሁለቱም ከዚያ ሁሉ ውርጅብኝ ይድኑ ነበር።

የእናንተ ችግር ያለው ውሉ ላይ ነው። ብዙ ቦታ ደመወዛችሁን የሚሸፍነው አየር መንገዱ ነው፣ መንገደኛው የሚራገመው ኤርፖርቱን ነው። ኤርፖርቱ ስድቡን ይቀበላል እንጂ ውሉ በእጁ የለም። ስለዚህ በሚዲያ ይናገራል። ዝም አትበሉ፣ ግን በሚዲያ አትመልሱ። በየፈረቃው ስንት ሰው እንዳላችሁና ስንት አውሮፕላን መሸከም እንደምትችሉ ከሳምንት በፊት ለኤርፖርቱም ለአየር መንገዱም በአንድ ኢሜይል ላኩ። ቀኑ ሲደርስ «አልነገራችሁንም» የሚል አይኖርም።

«ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ተከራዮቼ ሽያጭ ይደብቃሉ ብዬ እጠረጥራለሁ። ስብሰባ ብጠራ ደግሞ ይጮኹብኛል።»

ለመጀመሪያው መፍትሔው ውሉ ውስጥ አለ። ሒሳብ የመመርመር መብትዎን ይጠቀሙበት፣ ግን ሁሉንም ተከራይ በየተራ ይመርምሩ። አንዱን ብቻ ከነኩ ጥላቻ ነው ይባላል። በሚቀጥለው ጨረታ የሽያጭ ማሽኖቹ ከእርስዎ ሲስተም ጋር እንዲገናኙ መስፈርት ያድርጉት።

ጩኸቱን በተመለከተ፣ ስብሰባ የሚጠሩት ውሳኔው ካለቀ በኋላ ይመስለኛል። የእርስዎን የግንባታና የበር ድልድል ዕቅድ ተከራዩ የሚያውቀው አጥሩ ከሱቁ ፊት ሲተከል ከሆነ፣ ሽያጩን በግልጽ እንዲያሳይዎት ለመጠየቅ አፍዎ አይሞላም። የመጪውን ዓመት የበረራ ትንበያ፣ የሚዘጉ መተላለፊያዎችን፣ የሚዛወሩ በሮችን በየሩብ ዓመቱ ይላኩላቸው። ረቂቅ ቢሆንም ይላኩ፣ «ሊለወጥ ይችላል» ብለው ይጻፉበት። ከዚያ ስብሰባው ላይ አጀንዳ ይኖራቸዋል።