መልስ፦ አቃቂ እንዴት የፋብሪካ ሰፈር ሆነች?
ወንድሜ አቃቂ ለምን በፋብሪካ ተሞላች ላልከው ዋናው ባቡሩ ነው ባይ ነኝ። የጅቡቲው ሃዲድ እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ደርሶ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፣ እና ወንዙ እዛው፣ ሜዳው ሰፊ፣ ባቡሩ ደጃፍ ላይ፣ ሌላ ምን ይፈለጋል? በኋላ ህንዶች በሽርክና የጨርቃጨርቅ ፋብሪካውን ሲተክሉ ሰፈሩ በሽፍት መኖር ጀመረ በቃ፣ የሌሊት ተረኛው ጠዋት ሲወጣ ፀጉሩና ቅንድቡ ላይ የጥጥ ብናኝ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካውን ደርግ ወረሰው፣ የዛን ጣጣ ታውቀዋለህ። የተጎዳው ወንዙ ነው፣ የፋብሪካውም የከተማውም ፍሳሽ እሱ ላይ፣ በዛው ውሃ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማል (ገበያ ላይ ከየት መጣ ብሎ ማን ይጠይቃል?)። ጊዜ ካለህ ወደ ታች ወርደህ አባ ሳሙኤል ግድብን እየው፣ ድሮ ለከተማው መብራት የሚያመነጭ ነበር፣ አሁን እንቦጭ ወሮታል።