ቀለበቴን ጭቃው አጠቆረብኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር የልጄ ጫማ ደንገሉ ሥር ጭቃ ውስጥ ሰጠመበት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስዳብስ ቆይቼ አወጣሁት። ጭቃው ጥላሸት ነው የሚመስለው። ሽታው የተበላሸ እንቁላል። ሲነካ ደግሞ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ማታ ሳየው የብር ቀለበቴ ጠቁሯል። ጎረቤቴ «የፍሳሽ ኬሚካል ነው» አለችኝ። እውነት ነው?
ቀለበቷ የጠቆረባት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ መጀመሪያ ቀለበቱ። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሺና ቀስ ብለሽ እሺው፣ ይለቃል።

ጎረቤትሽን ሙሉ በሙሉ አልሞግትም። ፍሳሽ ሲጨመርበት ሽታው ይብሳል። ግን እንዲህ ዓይነት ጭቃ ማንም ሳይደርስበትም ይጠቁራል። ሥራው የባክቴሪያዎች ነው።

ኦክስጅን ወደ ጭቃው ብዙ አይዘልቅም። እንደ ደንገሉ ሥር ብስባሽ በበዛበት ቦታ ጥቂት ሚሊሜትር ወርዶ ያልቃል፤ ላይ ያሉት ይጨርሱታል። ታች ያሉት ታዲያ ታፍነው አይሞቱም። ሌላ ነገር ይተነፍሳሉ፦ ናይትሬት፣ ቀጥሎ ማንጋኒዝና ብረት፣ ከዚያ ሰልፌት። እንደ ድግስ ነው፤ ኋላ የደረሰ የተረፈውን ይቃመሳል። ሰልፌት የሚተነፍሱት የሚያወጡት ጋዝ ነው እንቁላል እንቁላል የሸተተሽ። ጋዙ ጭቃው ውስጥ ካለው ብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ይሆናል። ከቀለበትሽ ብር ጋር ሲገናኝም እንደዚያው። ከሁሉም በኋላ የሚመጡት ሚቴን ይሠራሉ (እነሱ እንኳ ባክቴሪያ አይደሉም፣ አርኬያ ነው ስማቸው)። ቡልቅ ቡልቅ የሚለው በአብዛኛው ሚቴን ነው።

እኔን የሚያስደምሙኝ ግን ሌሎች ናቸው። የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ከባሕር ጭቃ ውስጥ ስላገኟቸው ባክቴሪያዎች ጻፉ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎች እንደ መቁጠሪያ ተሰካክተው ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማሉ። ታችኛው ጫፍ ያንን የሚሸት ነገር ይበላል፣ ላይኛው ጫፍ ኦክስጅን ይተነፍሳል። በመሃል ኤሌክትሪክ ያልፋል። ያውም መብራት ሳይጠፋባቸው!

አምና እኔም ከዳርቻው ጭቃ በሃይላንድ ጠርሙስ ይዤ ገባሁ። የተቀዳደደ ጋዜጣና የእንቁላል አስኳል ቀላቀልኩበት፣ ከላይ የሐይቁን ውሃ ሞላሁና መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ዘዴው የሩሲያዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ የቪኖግራድስኪ ነው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በሁለተኛው ወር ጎኑ ላይ አረንጓዴ፣ ከፍ ብሎ ወይን ጠጅ እድፍ ወጣ። እነዚህ ብርሃን የሚጠቀሙ ናቸው፤ እንደ ዕፅዋት ውሃውን ሳይሆን ያንኑ ግም ጋዝ ይሰነጥቁታል። ባለቤቴ ጠርሙሱን ከሳሎን አውጥታ በረንዳ ላይ አኑራዋለች። ብርሃኑ እዚያ ይሻላል፣ አልተከራከርኩም።

ልጅሽ መሞከር ከፈለገ ጭቃውን አንቺ በጓንት ቅጂለት፤ ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ክዳኑንም አጥብቆ አይዝጋው፣ ጋዙ ጠርሙሱን ይነፋዋል።