የእናትዎን ነጠላ ከመቁረጥዎ በፊት

ውድ እህታችን፣ እናትዎ ካረፉ አራት ወር እንደሆነ፣ የኖሩበት ቤትም በቅርቡ ሊለቀቅ እንደሆነ፣ ከልብሳቸው በእጅዎ የጨርቅ ማስታወሻ ደብተር ሊሠሩ አስበው መቀሱን አንሥተው መልሰው እንዳስቀመጡት ጽፈዋል። ነፍሳቸውን ይማርልን። እኔም እናቴን የቀበርሁትና ከሥራ በጡረታ የተሰናበትሁት በአንድ ዓመት ውስጥ ስለነበር፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ በነበርሁበት በዚያ ወቅት ከሠራሁት ደብተር ተነሥቼ እመልስልዎታለሁ።

በመጀመሪያ በጥሩው ልብስ አይጀምሩ። የክት ቀሚሳቸው ለጊዜው ይቆይና ጓዳ ሲገቡና ሲወጡ ጣል ያደርጉት የነበረውን፣ ጠርዙ የተበላውን ነጠላ ያውጡ። እኔ ያደረግሁት ተቃራኒውን ነበር። የጥምቀት ቀሚሷን ጥለት ቆርጬ ካርቶን ላይ በነጭ ኮላ ለጠፍሁት፤ ሽመናው ስስ ስለሆነ ኮላው ዘልቆ ወጣ፣ ሲደርቅም ቅባት የነካው የሚመስል እድፍ ጥሎበት ቀረ። ብነቅለውም ብዘፈዝፈውም አልለቀቀም።

ከዚያ ወዲህ ኮላ ትቼ በመርፌና በክር ብቻ እሠራለሁ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ በጥንታዊ የብራና መጻሕፍቶቻችን ጥራዞቹ እርስ በርሳቸውም ሆነ ከእንጨት ሽፋኑ ጋር የተያያዙት በስፌት ነው፤ በአንዳንዶቹም የሽፋኑን ውስጠኛ ገጽ ሲመለከቱ፣ ታጥፎ የገባው ቆዳ በተወው ክፍት ቦታ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ያገኛሉ። ስፌት ለእንደ እርስዎ ያለ ሰው ሌላም ጥቅም አለው፤ ልብዎ ካልወደደው ተርትረው ጨርቁን እንደነበረ ያገኙታል።

ለመጀመሪያው ደብተር 15 ኤፎር ወረቀት ይበቃል። አምስት አምስቱን ደርበው በመካከሉ ሲያጥፉት ሦስት ጥራዝ ይሆንልዎታል፤ እጥፋቱን በማንኪያ ጀርባ ጫን ብለው ይሰምሩት። ለሽፋኑ ቁመቱ 26፣ ርዝመቱ 38 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ ይቁረጡ፤ በየጠርዙ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ 22 በ34 ይቀራል። በነጠላውና በገበሩ መካከል 15 ሳንቲ ሜትር ተኩል በ22 የሆኑ ሁለት የካርቶን ቁራጮችን አስገብተው፣ በመካከላቸው ለጀርባው 3 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይተዉ። ለሦስት ጥራዝ ይህ ስፋት የበዛ ይመስላል፤ ነገር ግን ፎቶግራፍና ቁራጭ ጨርቅ ሲገባበት ደብተሩ ስለሚያብጥ በኋላ ያመሰግኑኛል። ለገበር የሚገዙት አቡጀዲ አዲስ ከሆነ አስቀድሞ ይታጠብ፤ አለበለዚያ አንድ ቀን እርጥበት ሲነካው ተኮማትሮ ሽፋኑን ያጣምመዋል።

ጥራዙን ከሽፋኑ ጋር ለመስፋት ስፌት ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ወስፌ ይበቃዎታል። በእጥፋቱ ላይ መካከሉን፣ ከላይና ከታች ደግሞ ከጫፉ ሦስት ሦስት ሳንቲ ሜትር ገባ ብለው ይብሱ፤ በጀርባው ጨርቅ ላይም በዚያው ልክ። ክሩን ሰም ካስነኩት አይተበተብም። ከውስጥ በመካከለኛው ቀዳዳ ይውጡ፣ በላይኛው ይግቡ፣ መካከለኛውን ዘልለው በታችኛው ይውጡ፣ ከዚያ በመካከለኛው ተመልሰው በረጅሙ ክር ግራና ቀኝ ሁለቱን ጫፎች ይቋጩ። ለእያንዳንዱ ጥራዝ እንዲሁ ነው፤ ረድፎቹ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ይራራቁ።

ጥለት ያለውን ክፍል የሚጠቀሙ ከሆነ ከመቁረጥዎ በፊት በሚቆርጡበት መሥመር ግራና ቀኝ በእጅ ይስፉት፤ የጥበቡ ክር ከተቆረጠ በኋላ ተዘርግፎ ያልቃል። የሚያብለጨልጭ ክር ካለበት ካውያ በቀጥታ አያሳርፉበት።

አሁን ደግሞ ማንም ያልነገረኝንና የሚቆጨኝን ልጨምር። ልብሶቿን ሁሉ ከአርባዋ በፊት አጥቤ ጨርሼ ነበር፤ ንጹሕ መሆኑ ደስ ብሎኝ ስገልጠው የእጣኑና የቅቤው ሽታ አብሮ ሄዷል። ስለዚህ እናትዎ ይለብሱት ከነበረው አንዱን ሳያጥቡ፣ ደረቅ ቦታ ለብቻው ያስቀምጡት፤ ከደብተሩም ጋር አይቀላቅሉት።

ምን ይጻፍበት ላሉት፣ ነጠላው ላይ በቀጥታ በእስክሪብቶ አይጻፉ፤ ቀለሙ ይሰራጫል። እኔ በወረቀት ጽፌ ወረቀቱን በሁለት ጥልፍ አያያዝሁት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለ ሐዘኔ አንድ መሥመር እንኳ መጻፍ አቅቶኝ ነበር፤ የጻፍሁት የበርበሬዋን ልክ፣ ስንት ኪሎ ዛላ ከስንት ነጭ ሽንኩርት እንደሚገባ፣ የእድር መዋጮዋን የከፈለችበትን ወርና የጎረቤቶቿን ስም ብቻ ነው። ጡረታ የወጣሁበትንም ቀን ያስገባሁት በሦስተኛው ጥራዝ ነው፤ ሥራ የሌለበት ሰኞ ጠዋት ምን እንደሚመስል ለመጻፍ ብዙ ወር ፈጅቶብኛል። እጅዎ ሲሰፋ አእምሮዎ ዝም ካለ እርሱም ይበቃል፤ ገጹን ለመሙላት አይቸኩሉ።

ቤቱ ሊለቀቅ ስለሆነ ግን አንድ ነገር አይዘግይ፦ ከመቁረጥዎ በፊት ለወንድምና እኅቶችዎ ይደውሉ። እኔ ሳልጠይቅ የቆረጥሁት ያ ቀሚስ ታናሽ እኅቴ ለልጇ ሠርግ ልትለብሰው ያሰበችው መሆኑን የሰማሁት ከተቆረጠ በኋላ ነው።